ለአንድ ቀልድ የተቀመጠ ሽምግልና

ሻይ ቤት ከፍቶ ቀልድ የሚያስረዳ ደንበኛ ያልገጠመው ሰው የለም። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይጠፋል፣ ስኳር ይጠፋል፤ ቀልድ አስረጂ ግን ከየትም ሻይ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ጥግ አይቀመጥም፤ ቦታው መካከል ላይ ነው። ቴሌቪዥኑን በግማሽ ዓይን፣ የሰዎቹን ፊት በአንድ ተኩል ዓይን ያያል። ሁሉ ስቆ አንድ ሰው ብቻ ሳይስቅ ከቀረ፣ ሐኪም በሽተኛ ላይ ጎንበስ እንደሚል ወደዚያ ሰው ጎንበስ ይልና ሕክምናውን ይጀምራል። ሰውየው «ገብቶኛል» ቢል አይሰማውም። ገብቶት ቢሆን ኖሮ ለምን አልሳቀም?

የመርሳ ከተማ ቀልድ አስረጂ አቶ ገበየሁ ናቸው። መንግሥት ምንም ሹመት ባይሰጣቸውም፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው በታደለች ሻይ ቤት ውስጥ የሳቅ ዋና ጸሐፊ፣ የፈገግታ አፈ ጉባኤ፣ የከተሜ ነገር ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ናቸው። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው ታደለች አታውቅም። እሷ የሰጠቻቸው ወንበር ብቻ ነው፤ ሌላውን ራሳቸው ጨመሩበት።

አቶ ገበየሁ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድተዋል። እህል ጭነው አዲስ አበባ ገብተዋል፣ ሲሚንቶ ጭነው ተመልሰዋል። ከዚያ ሁሉ መንገድ የተረፋቸው አንድ የሚያማቸው ወገብና «የአዲስ አበባን ነገር ለኔ ተዉት» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሯ የበለጠ ጤነኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ትውላለች።

በታደለች ቤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን የሸፈነው ጥልፍ ጨርቅ ይገለጥና ከአዲስ አበባ የሚተላለፈው አስቂኝ ድራማ ይጀምራል። በገበያ ቀን ቤቱ ይሞላል። በበሩ በኩል ከግራና መንደርና ከአካባቢው የመጡ ገበሬዎች ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ፤ በመስኮቱ በኩል የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች። ድራማው ደግሞ ብልህ ድራማ ነው። ማንም ጭቃ ላይ አይወድቅም፤ ማንም ሚስቱን ፈርቶ አልጋ ሥር አይገባም። ሰዎቹ እጅግ ንጹሕ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው አንድ ነገር ይላሉ። ከየት እንደሆነ የማይታይ ሕዝብ ይስቃል፤ አስተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ገበሬዎቹ ግራና ቀኝ ያያሉ።

የአቶ ገበየሁ የሥራ ሰዓት ይህ ነው።

አንድ ቀን በድራማው ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቁምጣ ለብሶ በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ ይሮጣል። ይሮጣል፣ ይሮጣል፤ ካለበት ግን ንቅንቅ አይልም። ከገበሬዎቹ ሁሉ ቤቱን በታማኝነት የሚያዘወትረው የግራናው አያ ሙላቱ፣ ሰውየው የሚሮጠው ወዴት እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ገበየሁ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። የአዲስ አበባን ነገር ለሳቸው እንዲተውላቸው ካሳሰቡ በኋላ፣ መሣሪያው ወፍጮ መሆኑን አስታወቁ። መብራት ሲጠፋ በእግር የሚዞር ወፍጮ ነው። ሰውየው ጤፍ ተሸክሞ መጥቶ፣ ወረፋው ደርሶት እየፈጨ ነው፤ ላቡ እንደዚያ የሚንቆረቆረው ሚስቱ አልመህ ፍጭ ብላ ስለላከችው ነው። ሙላቱ ሰውየውን እንደገና አየው። ቁምጣውን አየ፣ ላቡን አየ፣ ቤት ተቀምጣ ዱቄቱን የምትጠብቀውን ሚስቱን በልቡ አየ፤ ከዚያ ከወንበሩ እስኪንሸራተት ሳቀ። ከኋላው ያሉት ሁሉ ተከተሉት። ያልሳቁት አስተማሪዎቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ቀድመው ስቀው ጨርሰዋል።

ሌላ ቀን አንዲት ሴት ትልቅ ሆቴል ገብታ ምግብ አዘዘች። ሰፊ ሰሃን መጣላት፤ መሃሉ ላይ የሕፃን ጉርሻ የምታህል ነገር ተቀምጣለች። ሴትዮዋ አልነካችውም፤ ስልኳን አውጥታ ከላይም ከጎንም ፎቶ ታነሳው ጀመር። አቶ ገበየሁ ወዲያው ነገሩን ያዙት። ፎቶው ማስረጃ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ነው። ሆቴሉ አብልቻታለሁ ብሎ ቢምል ሴትዮዋ ፎቶውን ለዳኛው ታሳያለች፤ ዳኛው ደግሞ መነጽሩን አድርጎ ምግቡን ይፈልጋል። ይህን ሲናገሩ መነጽር ያደረገ ዳኛ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ሰሃን ከዳር እስከ ዳር መረመሩት፤ ከገበሬዎቹ አንዱ ዳኛውን ሊያግዝ ተነሳ።

ታደለች ስታስተናግድ ስለምትውል ድራማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታው አታውቅም። ስለዚህ አቶ ገበየሁ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ የምትፈርድበት ነገር አልነበራትም። የሷ ምልክት ሌላ ነው፤ የሳቀ ሰው ይጠማዋል፤ የጠማው ሰው ሻይ ይደግማል። ቤቷ እንደዚያ ነው የቆመው። ከመንገዱ ማዶ ሰፊ ቴሌቪዥን ያለው ሌላ ሻይ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ይህን ምልክት በዓይኗ ሳይሆን በሆዷ ነበር የምትከታተለው።

ትክክል ይሁኑ አይሁኑ የሚያውቀው አስተማሪ ዮናስ ነበር። ዮናስ የወልድያ ልጅ ነው፤ መርሳ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ስለ ቀልድ የጠነከረ አቋም አለው። እሱ እንደሚለው ቀልድ የሰውን ጭንቅላት ማሠራት አለበት። ሁሉንም ላስቅ ብሎ የተነሳ ድራማ መጨረሻው ሰውን ከደረጃ ላይ መጣል ነው፤ ይህንን ለማየት ቴሌቪዥን አያስፈልግም፣ ክረምት ላይ መናኸሪያው በር ላይ መቆም ይበቃል። የገባው ይሳቅ፤ ያልገባው ደግሞ እስኪገባው ያስብ። አቶ ገበየሁ በበኩላቸው አንድ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መሳቅ መብቱ ነው ይላሉ። ለተወሰነ ሰው ብቻ የሚሆን ሳቅ ካለ፣ ያ ሰው ቤቱ ሄዶ ብቻውን ይሳቅ። ሁለቱ በዚህ ነገር ላይ ለረጅም ጊዜ በሰላም ተከራክረዋል። ዮናስ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈጠሩልን?» ይላል፤ አቶ ገበየሁም «አንተ ኒውተንህን ጠብቅ» ይሉታል። ሻይ ይደገማል።

ሰላሙ የፈረሰው በአንድ የገበያ ቀን ነው።

በዚያ ቀን ድራማ አንድ ደልቀቅ ያለ ሰውዬ ቢሮ ገብቶ ረጅም ወንበር ላይ ይጋደማል። አጠገቡ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። ሰውየው ሕይወቱን ይተርካል፤ ሴትዮዋ ትጽፋለች። ሰውየው «አሁን ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ» ብሎ አፉን ሲከፍት ሴትዮዋ ሰዓቷን አይታ «ጊዜያችን አልቋል» ትለዋለች። ወጥቶ በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ምስጢሩን ሊነግረው ሲል ዘበኛውም ሰዓቱን አይቶ «ጊዜዬ አልቋል፤ ተረኛው እስኪመጣ ጠብቅ» ይለዋል። አስተማሪዎቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ገበሬዎቹ ተያዩ።

አቶ ገበየሁ ተነሱ። ይህ ሰው፣ አሉ፣ ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው ነው። ሽማግሌ አልላከም፤ ብቻውን መጣ። እሱስ ይሁን።

«ጭራሽ ተጋድሞ» አሉ አቶ ገበየሁ። «ልጅሽን ስጪኝ እያለ፣ ተጋድሞ።»

ገበሬዎቹ መካከል የሆነ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ። አቶ ገበየሁ ቀጠሉ። ሴትዮዋ የልጅቷ እናት ናት፤ የምትጽፈውም የሰውየውን ዘር ነው፤ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር አለባት። ስድስት ቤት ድረስ በደህና ሄደ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ዘመዷ ሆኖ አገኘችው። ምን ታድርግ፣ ደልቀቅ ያለ አማች አመለጣት፤ ጊዜያችን አልቋል አለች። ዘበኛውስ? ዘበኛው የሰውየው አጎት ነው። ተጋድሞ ሲለምን በመስኮት አይቶታል፤ በቤተሰቡ ስም አፍሯል፤ የሚያናግረው ፊት የለውም።

አያ ሙላቱ በዚያ ቅጽበት አፉ ውስጥ ትኩስ ሻይ ነበረው። ሳቁ ሲመጣበት ሻዩ መሄጃ አጣ፤ የተገኘው አቅጣጫ የአስተማሪ ዮናስ ነጭ ሸሚዝ ነበር።

ቤቱ ፈረሰ ማለት ይቀላል። በጫጫታው ውስጥ የድራማው ማለቂያ ሳይሰማ አለፈ። ዮናስ ሸሚዙን ይዞ ቆመ። ፊቱ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር። ለታደለች እንዲህ ባለ ሁኔታ መቀጠል እንደማይቻል ነገራት። ወይ ቴሌቪዥኑ ይናገር፣ ወይ እሳቸው ይናገሩ፤ ሁለቱም የሚናገሩ ከሆነ አስተማሪዎቹ ሌላ ቤት አያጡም። ይህን ሲል ሳያስበው ወደ መንገዱ ማዶ አየ። ታደለችም አየች።

ሰው ሆዱ ሲፈራ አፉ ይቀድማል። ታደለች ትሪዋን እንደያዘች ወደ አቶ ገበየሁ ዞራ፣ ቤቱ ሙሉ እያለ፣ «ጋሽ ገበየሁ፣ ቴሌቪዥኑ የራሱ አፍ አለውኮ» አለች።

ማንም አልሳቀም። አቶ ገበየሁ ቀስ ብለው ተነሱ። ወገባቸውን ያዙ፣ ከብርጭቆአቸው ውስጥ ያልተጠጣውን ግማሽ ሻይ አዩት፣ «እውነትሽን ነው» አሉና ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም።

የመጀመሪያው ሰሞን ደህና ነበር። ቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ ተሰማ። አስተማሪዎቹ ሲስቁ ገበሬዎቹ በጨዋነት፣ ትንሽ ዘግየት ብለው ያግዟቸው ነበር። ቆይቶ እገዛው ቀረ። ከዚያ ገበሬዎቹ አንድ አንድ እያሉ ሻያቸውን ሳይደግሙ መውጣት ጀመሩ። የሚገርመው ግን አስተማሪዎቹም መቀዝቀዛቸው ነው። በጸጥታ ቤት ውስጥ አራት ሰው ሲስቅ ሳቁ ለራሱ ለሳቂው ይሰማዋል፤ ዮናስ ሁለት ጊዜ ሳቁን ጀምሮ መሃል ላይ ሲያቆም ታደለች አይታዋለች።

አያ ሙላቱን ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ሲወጣ አግኝታ ምን አጠፋሁ አለችው። ሙላቱ አፈረ። እዚያ የሚታየው ኳስ ነው፤ ኳስ ደግሞ ማንንም አይጠይቅም፤ ገባ ወይም አልገባም።

«አንቺ ቤት ስቀመጥ» አላት፣ «አንቺ አጥፍተሽ አይደለም፣ ግን ፈተና የተቀመጥኩ ይመስለኛል።»

ታደለች ወደ አቶ ገበየሁ ራሷ ሄደች። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ምነው ጠፉ አለቻቸው። ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት ወይ ወይዘሮ ታደለች?» አሏት።

ታደለች ተመለሰች። እኚህ ሰው ሻይ ቤቱን ከከፈተችበት ቀን ጀምሮ «ታዱ» ነው የሚሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ስድብ ይመለሳል፤ «እርስዎ» ግን በምን ይመለሳል? እንዲህ ያለ ነገር የሚፈታው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሽማግሌ ላከች።

ሽማግሌዎቹ የእድሩ ዳኛ አቶ እስራኤልና ሼህ አብዱልሐሊም ነበሩ። ሁለቱ በመርሳ የድንበር፣ የውርስና የጋብቻ ነገር ሲፈቱ ኖረዋል፤ ደም እንኳ አድርቀዋል። በቀልድ ጉዳይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ቢሆንም ወጉን አላጓደሉም። እሑድ ጠዋት ሻይ ቤቱ ሳይከፈት ገቡ፤ ቴሌቪዥኑ ጥልፍ ጨርቁን ለብሶ እንደ ተከሳሽ ጥግ ቆሟል። ሼሁ መረቁ፤ አሚን ተባለ። አቶ እስራኤል ደገሙ፤ አሜን ተባለ። ታደለች በግራ፣ አቶ ገበየሁ በቀኝ ተቀመጡ። ዮናስም በምስክርነት ተጠርቶ በታጠበ ሸሚዙ መጥቷል።

ታደለች ተናገረች፤ ማንም አላቋረጣትም። አቶ ገበየሁ ተናገሩ፤ የተናገሩትም ምንም አልተቀየምኩም የሚል ነበር፤ ይህም እንደሚታወቀው እጅግ የተቀየመ ሰው ንግግር ነው። ሼህ አብዱልሐሊም ጢማቸውን ዳበሱ። ሁሉም ነገር ከአንድ ቀልድ የመጣ ከሆነ፣ ቀልዱን ሳይሰሙ መፍረድ እንደማይችሉ ተናገሩ። እሳቸው ቴሌቪዥን አይተው አያውቁም። «እስቲ አንተ ተናገር» አሉት ዮናስን።

ዮናስ ጉሮሮውን ጠርጎ በትክክል ተናገረ። ሴትዮዋ የአእምሮ ሐኪም ናት። ሰውየው ብቸኛ ነው። ቀልዱ ያለው፣ በዚህ ዘመን ሰውን የሚያዳምጥ አለመኖሩና ማዳመጥም በሰዓት መሸጡ ላይ ነው።



«እሺ፣ ሐኪሟ ምን መድኃኒት አዘዘችለት?» ብለው አቶ እስራኤል ጠየቁ።

መድኃኒት አታዝም፤ ሥራዋ ማዳመጥ ነው አለ ዮናስ።

«ተቀምጣ ስላዳመጠች ብቻ ደሞዝ አላት?»

አላት፣ ያውም ከፍ ያለ፣ አለ ዮናስ።

አቶ እስራኤል ወደ ሼህ አብዱልሐሊም ዞሩ። ሼሁም ወደሳቸው ዞሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየዛፉ ሥርና በየደጃፉ፣ ያንን ሁሉ ክርክር ተቀምጠው እንደሰሙ በአንድ ላይ ትዝ ያላቸው ይመስላል።

«እንግዲህ ሼህ፣ እኛ ሞኞች ነን» አሉ አቶ እስራኤል።

ሼህ አብዱልሐሊም የኩታቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡ። ሽማግሌ በሽምግልና ላይ አይስቅም። ትከሻቸው ግን ወጉን አያውቅም ነበርና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዮናስ ሁለቱን ሽማግሌዎች ተራ በተራ እያየ፣ መጀመሪያ በግርምት፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየ ሳቀ። ያንን ቀልድ አንድ ጊዜ ስቆበት ጨርሶት ነበር፤ እንደገና ያስቀኛል ብሎ አላሰበም።

አቶ ገበየሁ ደግሞ የራሳቸውን እንዲናገሩ ተጠየቁ። ሳይወዱ ጀመሩ፤ ተጋድሞ ልጅ የሚለምነው ሰውዬ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ሞቀ። ሰባተኛው ቤት ላይ አቶ እስራኤል ለሽንት ነው ብለው ወደ ውጭ ወጡ፤ ከአጥሩ ጀርባ የተሰማው ድምፅ ግን ሌላ ነበር።

ሁሉም ሲረጋጋ ሼህ አብዱልሐሊም ዓይናቸውን ጠርገው ቀና አሉ። «ገበየሁ፣ ነገሩ አንተ እንደምትለው መሆኑን ታውቃለህ?»

አቶ ገበየሁ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አዞሩት።

«አላውቅም ሼህ» አሉ። «ድሮ ገና የመኪና ረዳት ነበርኩ። አዲስ አበባ ጭነት አራግፈን አንድ ቤት ገባን፤ ቴሌቪዥን አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አጠገቤ ያለው ዞር ብሎ ‹አንተ ደግሞ ምን ገብቶህ ነው?› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም አልገባኝም። እስከ ዛሬም ምን እንደነበር አላወቅሁም። እና እዚህ ሰው ግራና ቀኝ ሲያይ ሳይ… አፌ ይቀድመኛል። ልክ ይሁን አይሁን እሱን አላጣራም።»

ታደለች ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እሳቸው ሲያስረዱ ድምፃቸው ለምን እንደሚጮህ ሁልጊዜ ይገርማት ነበር፤ የኤንትሬው ሞተር ጆሯቸውን ጎድቶት ነው ብላ ትታዋለች። አሁን ስታስበው የሚጮኹት ሁልጊዜ አይደለም። የሚጮኹት እሷ ጓዳ ስትገባ ነው፤ እዚያ ሆና እንድትሰማ።

ሽማግሌዎቹ ጓዳ ገብተው ተማክረው ወጡ። ፍርዱን አቶ እስራኤል ተናገሩ። ታደለች ሰውየውን በሰው ፊት ነክታለችና ይቅርታ ትጠይቅ። ገበየሁም የሰው ጆሮ ላይ መቀመጥ ትቶ ከእንግዲህ ሲጠየቅ ብቻ ያስረዳ፤ ይህንንም ማስታወቂያ ሲገባ። አስተማሪውም ስለ ሸሚዙ ሙላቱን ይማረው። ታደለች ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል አቶ ገበየሁ አነሷት፤ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ።

ዮናስ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። ለመሆኑ ክርክራችንስ፣ አለ፣ ድራማው መሥራት ያለበት ለገባው ሰው ነው ወይስ ለሁሉም?

«እሱን ድራማ የሚሠሩት ይሸምገሉበት» አሉ ሼህ አብዱልሐሊም ዱላቸውን እያነሱ። «እኛ የተላክነው ለሁለቱ ነው።»

ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። በቀጣዩ የገበያ ቀን ቤቱ ሞላ። አያ ሙላቱም የግራናን ሰው አስከትሎ፣ ፍርዱ ሲፈጸም ለማየት መጥቷል፤ ከአስተማሪዎቹ ወንበር ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አቶ ገበየሁ መካከል ላይ ናቸው። ሻይ ቀረበ፤ ጥልፍ ጨርቁ ተገለጠ።

በዚያ ቀን ድራማ ጥሩ ልብስ የለበሱ ሰዎች የሥዕል አዳራሽ ውስጥ ይዞራሉ። ሥዕሎቹን አልፈው ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ የተሰቀለ አንድ አሮጌ ካፖርት ጋ ይደርሱና ይቆማሉ። አንዷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። አንዱ ራቅ ብሎ፣ ቀረብ ብሎ ያየዋል። በመጨረሻ የአዳራሹ ዘበኛ ይመጣና ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዶ፣ ለብሶት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰዎቹ ከኋላው ያጨበጭቡለታል።

አስተማሪዎቹ ሳቁ። ማስታወቂያ ገባ።

ገበሬዎቹ ወደ አቶ ገበየሁ ዞሩ። አቶ ገበየሁ ብርጭቆአቸውን እያዩ ነው። ከንፈራቸው አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ መልሰው ገጠሙት። ፍርድ ፍርድ ነው፤ ሲጠየቁ ብቻ። ቤቱ ጠበቀ። ታደለች ትሪ እንደያዘች ቆማ የሽማግሌዎቹ ፍርድ ምን እንደጎደለው ያን ጊዜ አየች። ለመጠየቅ አልገባኝም ማለት ያስፈልጋል፤ በአስተማሪዎቹ ፊት፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ፣ አልገባኝም የሚል ገበሬ ከየት ይመጣል? ሙላቱ ዱላውን ዳበሰ። ከኋላው አንዱ ሊሄድ ነጠላውን አጣፋ። ማስታወቂያው የሳሙና ነው፤ ሊያልቅ ነው። አቶ ገበየሁ ዛሬ በዚህ ጸጥታ ውስጥ ተነስተው ከወጡ፣ ከእንግዲህ ሽማግሌም አይመልሳቸውም።

ታደለች ትሪውን አስቀመጠች። ሻይ ቤት ከከፈተች ጀምሮ በሥራ ሰዓት ተቀምጣ አታውቅም፤ ከአስተማሪዎቹና ከገበሬዎቹ መካከል አንድ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ጋሽ ገበየሁ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እኔ አልገባኝም።»

አቶ ገበየሁ ቀና አሉ። ልታሾፍባቸው እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ፊቷን ጥቂት አዩት።

«የቱ ላይ ነው ታዱ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

አቶ ገበየሁ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊታቸውን ለቤቱ ሰጡ። «ካፖርቱን አያችሁት አይደል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሟች ነው።»

ሙላቱ አፉ ውስጥ ያለውን ሻይ ቶሎ ዋጠ። አስተማሪ ዮናስ ከመስኮቱ በኩል ተነሳና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።